ፋየርዎሉን እኔ አልመረጥኩትም!

አሁን ከስብሰባ መውጣቴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ያ ሳጥን፣ ከኢንተርኔት የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ የሚፈትሸው ፋየርዎል፣ ዛሬም ታነቀ። ያውም መምህራን የተማሪ ውጤት የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን! ሲፒዩው፣ አንጎሉ ማለት ነው፣ 99 ፐርሰንት ላይ ቆሟል። መምህራኑ ቢሮዬን ከበውታል። አለቃዬ 20 ሰው ፊት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ብር አስወጥተሽን ኢንተርኔት መክፈት አቃተሽ?»

«እኔ የጻፍኩት ስፔስፊኬሽን ሌላ ነበር።»

«ማብራሪያ አልጠየቅኩሽም። ዕቃውን ከመሃል አውጪውና ይሥራ!»

«ካወጣሁት የፋይናንስ ኮምፒውተሮች ሜዳ ላይ ይቀራሉ።»

«ድሮ ያለ እሱ እንሠራ አልነበር?»

ቤቱ ሳቀ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እስቲ ፍረዱኝ። የጨረታ ኮሚቴው ያየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በሰከንድ 20 ጊጋቢት። ይሄ እኮ ሳጥኑ ምንም ሳይመረምር ዝም ብሎ ሲያሳልፍ ነው! የቫይረስና የጥቃት ፍተሻው ሲበራ ወደ 1 ጊጋቢት ይወርዳል። የተመሰጠረውን ፈትቶ ማየት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ዛሬ ደግሞ አብዛኛው ነገር የተመሰጠረ ነው። የፋሲል ግቢን ምሳሌ አድርጌ አስረዳኋቸው። «12 በር አለው። ዘብ ሳይኖር ሰው ቶሎ ቶሎ ቢገባ ምን ይጠቅማል? ዘቡ እየፈተሸ ስንት ሰው ያስገባል? እሱን ቁጥር እዩልኝ» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ርካሹን ገዙ።

ላይሰንሱስ? የ3 ዓመት ጠየቅኩ፣ የ1 ዓመት ተገዛ። ሰኔ ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ የአዲስ ጥቃት መለያ አይወርድለትም። «ስቶር አቧራ የሚጠጣ ሰርቨር አለ፣ ፒኤፍሴንስ የሚባል የፋየርዎል ሶፍትዌር ልጫንበት፣ ነፃ ነው» ብዬ ለምኛለሁ። «በነፃ የመጣ ነገር ኦዲት ላይ ያስጠይቃል» ተባልኩ። ወይ አገር!

ባለፈው ወር ደግሞ «ዩቲዩብ ዝጊ» ተባለ። ዘጋሁ። የነርሲንግ መምህራን ማስተማሪያ ቪዲዮ ተዘጋብን ብለው ጮኹብኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ያዘዘኝ ሰው ደወለ፤ «ለእኔ ቢሮ ብቻ ክፈቺው።» ደንብ ለማን ነው የሚወጣው?

ጥምቀት እንኳ አለፈኝ። እናቴ ነጠላዬን አጥባ ጠበቀችኝ። ጎንደር በሙሉ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነው፣ እኔ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑ አልነሳም ብሎ። አንድ ሰው «በርቺ» አላለኝም።

ዛሬ ግን «በደብዳቤ ይዘዙኝ፣ ያኔ አወጣዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደብዳቤው አልመጣም። ሳጥኑም ቦታው ነው። ወደ ውጤት ማስገቢያው የሚሄደውን ብቻ ከከባዱ ፍተሻ አውጥቼዋለሁ፤ መምህራኑ ማስገባት ጀምረዋል። ደክሞኛል ወገኖቼ። ምሳም አልበላሁ።