ለተከበሩ ራውተራችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አቶ ራውተር (የቤታችን የኢንተርኔት በረኛ)
ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በር እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

መብራቶችዎ ሁሉ አረንጓዴ ስለሆኑ እንኳን ደስ አለዎት። ሲያዩዎት ሥራ ላይ ያሉ ይመስላሉ።

የጣና ወፎችን ፎቶ የምለጥፍበት ድረ ገጽ እዚሁ ቤት፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው ያለው። ሳሎን ቁጭ ብዬ የላፕቶፑን ቁጥር 192.168.1.10 ስል ወዲያው ይከፈታል። ይህ ግን በየሰው ቤት የሚደጋገም የውስጥ ቁጥር ስለሆነ ከግድግዳችን አያልፍም። ጎንደር ያለችው የአክስቴ ልጅ የግድ በእርስዎ በኩል መምጣት አለባት።

ለሚወጣ ሰው ደግ ነዎት። ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ «ወዴት ነው?» ብለውት አያውቁም። ከውጭ ለሚያንኳኳ ግን ከእርስዎ የጣናው ገዳም ክብራን ገብርኤል ይሻላል። እዚያ የሚከለከሉት ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ በጀልባ ተሻግሮ ይገባል። እርስዎ ዘንድ ሁሉም ይመለሳል።

ደንቡ ይከበር ብዬ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚባለውን ማመልከቻ ሞላሁ። የድረ ገጽ እንግዳ በሚያንኳኳባቸው በሮች፣ በ80 እና በ443፣ የሚመጣ ወደ ላፕቶፑ ይላክ አልኩ። የላፕቶፑም ቁጥር እንዳይቀያየር አስመዘገብኩ። «ሴቭ ሆኗል» አሉኝ። የአክስቴ ልጅ በሞባይል ዳታ ሞከረች። ወይ ፍንክች!

ኋላ ስታተስ ገጽዎን ባየው የውጭ ቁጥርዎ በ100.72 ይጀምራል። ክቡር ሆይ፣ ይህ እኮ ከየትም የሚደረስበት የሕዝብ አድራሻ አይደለም! ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ቁጥር፣ የአይፒ (የኢንተርኔት) አድራሻ ለሁሉም አልበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ጀርባ እንዲያሰልፉበት የተመደበ ነው። ለካ እርስዎም የሰው ሎሌ ነዎት! ከበላይዎ ሌላ ራውተር አለ፤ የእኔ ማመልከቻ እሱ ዘንድ አልደረሰም። ታዲያ «ሴቭ ሆኗል» ያሉኝ በማን ሥልጣን ነው? የቀበሌ ጸሐፊ እንኳ «የበላይ አካል ይወስን» ትላለች።

ስለዚህ ማመልከቻዬን ስቤያለሁ። ውጭ አገር ትንሽ ሰርቨር፣ የራሱ የሕዝብ አድራሻ ያለው ኮምፒውተር፣ ተከራይቻለሁ። ላፕቶፑ ራሱ ከቤት ወጥቶ ከእሱ ጋር መስመር ይዘረጋል፤ እንግዶቼም በዚያው መስመር ይገባሉ። እርስዎ ለሚወጣ «ወዴት ነው?» አይሉም አይደል? እባክዎ ልማድዎን እንዳይተዉ።

ከሰላምታ ጋር
ተገልጋይዎ

ግልባጭ፦
ለበላይዎ ራውተር (ባለበት)
ለመብራት (ሲመጣ)