ይድረስ ፊደል ላልቆጠሩት ክቡር የሙዚቃ ማጫወቻ

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሁድ በዘመድ አዝማድ ፊት የደረሰብኝን ውርደት ይመለከታል።

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባትሪዎስ እንዴት ነው? መብራት በጠፋ ቁጥር ከእኔ ቀድመው የሚደክሙት እርስዎ ስለሆኑ ከጤናዎ ልጀምር ብዬ ነው። ስምዎን አልጠራም። ዋጋዎን የሚያውቅ ሰው ሰፈር ውስጥ ካለና ለአከራዬ ከነገረ የቤት ኪራዬ ይጨምራል።

እሁድ ዕለት አክስቴ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። ማለትም እኔ ተጠርቼ እርስዎን ይዤ ሄድኩ። የቆዳ ልብስዎን አልብሼ፣ ትልቁን ሄድፎን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። የአክስቴ ባለቤት ጋሼ ቀላል ሰው አይደሉም። ወጣት ሳሉ ፒያሳ ሸክላ ይሸጡ ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠውን የማሳተም መብት ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማውጣት ሲጀምር፣ እነዚያን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች በእጃቸው ያሻሻጡ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ስለ ድምፅ ጥራት መስበክ ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ስሰብክ ከርሜያለሁ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕቃ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይሰማል» እላለሁ።

«ሲዘፍን ይሰማኝ እንጂ መተንፈሱንማ እኔም እተነፍሳለሁ» ይላሉ።

እሁድ ግን ተረቱ። «በል እስቲ አንድ ትዝታ አሰማኝ» ብለው ሄድፎኑን ራሳቸው ላይ ደፉ። አክስቴ ረከቦቱን ወደ ጎን ሳብ አደረገች። ልጆቹ ዝም በሉ ተባሉ። እኔም የእርስዎን መስታወት ነካሁ።

ሳጥን።

ከሳጥኑ ሥር ሌላ ሳጥን። ከዚያ በታች ሦስት ሳጥን፣ ክፍት ቦታ፣ አራት ሳጥን። የዘፋኙ ስም ሳጥን፣ የአልበሙ ስም ሳጥን፣ የዘፈኑ ስም ሳጥን። ቤት ውስጥ ለብቻዬ ሳዳምጥ ከላይ ወደ ታች ዝም ብዬ ስለምለቀው ነገሩን ንቄ ትቼው ነበር። አሁን ግን አንድ የሚፈለግ ዘፈን አለ፣ የሚጠብቅ ሽማግሌም አለ።

«ምን ሆነ?» አሉ ጋሼ።

«ፊደላችንን አያነብም።»

«ዓይኑን ታሟል?»

ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። የአክስቴ ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ መላ አመጡ። «ትዝታ ስንት ፊደል ነው? ሦስት። ስለዚህ ባለ ሦስት ሳጥኑን ፈልግ!» ይህን የመሰለ ማስተዋል ከእርስዎ ፋብሪካ መሐንዲሶች አልወጣም። ፈለግኩ። ባለ ሦስት ሳጥን ፎልደር ተገኘ። ከፍቼ የመጀመሪያውን ነካሁ።

ፉከራ ነበር። ፉከራም ለካ ሦስት ፊደል ነው።

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ በ4.4 ሚሊሜትሩ የሄድፎን ቀዳዳ፣ በሃይ ጌይን (ጉልበቱን ከፍ በሚያደርገው ቅንብር)፣ ድምፁም ሌሊት ከፍ አድርጌ እንደተውኩት ሆኖ ሲያጓሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለዎት ያን ዕለት አየሁ። ለእኛ ከሄድፎኑ ያፈተለከች ቀጭን ድምፅ ብቻ ናት የተሰማችን። ሙሉው ፉከራ የደረሰው ጋሼ ላይ ነው። ተወርውረው ተነሡ። ሲኒው ወደቀ። አክስቴ «በስመ አብ!» አለች። ከጋሼ ራስ ላይ ሄድፎኑን ለማውለቅ ስንታገል ገመዱ የፈንዲሻውን ሰሃን ይዞ ሄደ።

ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ባለ ሦስት ሳጥን ነካሁ። ሽለላ። ከዚያ በኋላ ቤቱ በሙሉ ቶምቦላ ሆነ። «ባለ ሁለቱን ሞክር!» ባቲ። «ባለ አምስቱን!» አምባሰል ወይ አንቺ ሆዬ ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ፤ መምህሩ «መሐሉ ክፍት ቦታ ካለው አንቺ ሆዬ ነው» ብለው ገላገሉን። ቅኝቶቹ ሁሉ ተገኙ፣ ትዝታ ብቻ ጠፋ። መጨረሻ ላይ የነካሁት ሳጥን ደግሞ አማርኛም አልነበረም። የፋብሪካው መሞከሪያ ነው። አንድ ጨዋ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ «ግራ ጆሮ... ቀኝ ጆሮ...» ይላል። ጋሼ በጥሞና አዳምጠው ሄድፎኑን አወለቁ።

«ጆሮዬ የት የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉ።

በዚህ መሐል የእህቴ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን አወጣች። በአማርኛ ጻፈች። ነካች። ቡና ማጣጫው ሳህን ላይ አስቀመጠችው። ያ ቀጭን የስልክ ድምፅ ቤቱን ሞላው፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አክስቴ አብራ ማዜም ጀመረች። እኔ ገመድ እጠቀልል ነበር።

ሁለተኛው ቡና ላይ ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ገዛኸው?»

«ስጦታ ነው» አልኩ።

«ሰውዬውን አስቀይመኸው ነበር?»

እስከዚህ ድረስ በአክብሮት ጻፍኩ። ቀጣዩን ግን «እርስዎ» እያልኩ ልጽፈው አልችልም።

ስማ አንተ። ጃፓንኛ ታነባለህ። ኮሪያኛ ታነባለህ። ቻይንኛን በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ታነባለህ። ሩሲያኛና ታይኛም ታውቃለህ፤ ማውጫህ ላይ ተደርድረዋል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አንተ ያኔ በሐሳብም አልነበርክም። ፎንቱ በነፃ ይገኛል። ከአንድ ዘፈን ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። በ24 ቢትና በ192 ኪሎኸርዝ የተቀዳ፣ ያልታመቀ ሙዚቃ ግን በደቂቃ ወደ 69 ሜጋባይት ይበላል፤ እሱን ሳታንገራግር ትውጣለህ። ለፊደሌ ግን ሆድህ ሞልቷል።

ለፋብሪካህ ጻፍኩ። ፎርም ሞላሁ። ሀገር ምረጥ አለኝ፣ መረጥኩ። ቋንቋ ምረጥ አለኝ፣ የለም። «ሌላ» የምትል ቦታ አለች፤ እሷን መረጥኩ። መልስ መጣ። በጣም ትሁት መልስ ነው። ለጊዜው ቋንቋዬን እንደማይደግፉ፣ መፍትሔው የፋይሎቹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መቀየር እንደሆነ ገለጹልኝ።

ስም ቀይር! ይህን ስንት ጊዜ ተባልን? ፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ፣ ዲግሪው ላይ በሌላ፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በሦስተኛ የተጻፈ ስም ይዞ፣ «ሦስቱም አንድ ሰው ነኝ» ብሎ ለማስመስከር ያልተሰለፈ ማን አለ? ያን ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ቴምብር አልቋል፣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ የራሴን ስም ለማስታረቅ የተሰለፍኩት አልበቃ ብሎ የዘፋኞቹን ስም ላስታርቅ? እነዚያን ፋይሎች ስማቸውን በአማርኛ አርሜ የሰየምኳቸው በእጄ ነው። ፍላሽ ከሚሞላልን ልጅ ሲመጡ «ትራክ 01፣ ያልታወቀ ዘፋኝ» ነበሩ። እኔ የታወቁ አደረግኋቸው። አንተ መልሰህ ያልታወቁ አደረግካቸው። እሺ ብዬ ብቀይራቸውስ? ጠ ከተ ጋር ይቀላቀላል፣ ቀ ከከ ጋር ይቀላቀላል፣ ያኔም የሚገኝ ነገር የለም። አንተ የዘፋኙን ትንፋሽ በታማኝነት አሰማለሁ ትላለህ። መጀመሪያ በስሙ ጥራው!

ይቅርታ። ተነፈስኩ። ወደ እርስዎነትዎ እመለሳለሁ።

ጽሕፈቱ ከተጀመረ አይቀር ሌሎች ጥቃቅን ቅሬታዎቼንም ላያይዝ።

እርስዎን ከመምረጤ በፊት የርስዎን ብጤዎች ሳወዳድር እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሶኒ በ2016 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንድማማቾች አወጣ። አንዱ አካሉ አሉሚኒየም፣ 267 ግራም፣ ወደ 1200 ዶላር። ሌላኛው ወርቅ የተቀባ መዳብ፣ 455 ግራም፣ ወደ 3200 ዶላር። ድምፁን የሚሠራው ዋና ቺፕ ያው ነው። ሰዎቹ ግን መዳቡ ድምፁን «ያሞቀዋል» አሉ። ፊዮ ደግሞ 610 ግራም የሚመዝን አወጣና ኪስ የሚለውን ነገር ጨርሶ ረሳው። አስቴል ኤንድ ከርን በ2019 እ.ኤ.አ. አንዱን ሞዴል በብረትና በመዳብ ለሁለት ከፍሎ፣ ዋጋውን ግን አንድ አድርጎ 3499 ዶላር ሸጠው። እኔም የብረት ድምፅ ይሻለኛል ወይስ የመዳብ እያልኩ አወጣ አወርድ ነበር። ፊደል ያነባል ወይ ብሎ የጻፈ አንድ አወዳዳሪ አላገኘሁም። ለነገሩ ማን ይጠይቃል፤ የእነሱ ዘፈኖች ስም አላቸው።

ቺፑንም በተመለከተ የምለው አለኝ። የርስዎ አምላኪዎች ኤኬኤም የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው የድምፅ ቺፕ ምትክ የለውም ሲሉ ኖረዋል። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ኖቤኦካ ያለው የኤኬኤም ፋብሪካ ተቃጠለ። አሳዛኝ ነገር ነው። ብዙ አምራቾች ወደ ሌላ ኩባንያ፣ ወደ ኢኤስኤስ ቺፕ ዞሩ። አምላኪዎቹም አብረው ዞሩ። ምትክ የለውም የተባለው ድምፅ ምትክ ተገኘለት፤ እንዲያውም «ዝርዝሩ ጨመረ» ተባለ።

ቀዳዳዎችዎ። ድሮ 3.5 ሚሊሜትር ነበርን፤ ሁላችንም ተስማምተን እንኖር ነበር። ከዚያ 2.5 መጣ። ያን ገመድ ከውጭ አስመጥቼ ሳልጨርስ 4.4 መጣ።

192 ኪሎኸርዝ ፋይል እስከ 96 ኪሎኸርዝ ድረስ ድምፅ ይይዛል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ላይ ይቆማል። ቀሪው ለሌሊት ወፎች ነው፤ እንደሚደሰቱ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሀገር ሲገቡስ? የያዘልኝን ዘመዴን ፍተሻው ላይ ያቆሙትን ረስተውታል? «ስልክ ነው?» «አይደለም።» «ሲሙ የት ነው የሚገባው?» «የለውም።» «ካሜራስ?» «የለውም።» «ታዲያ ምን ይሠራል?» «ሙዚቃ ያጫውታል።» «ሌላስ?» «ሌላ የለም።» ሰውዬው ዋጋውን ደረሰኙ ላይ አነበበ፣ ዘመዴን አየው፣ እንደገና ዋጋውን አነበበ። ተንኮል የፈለገ አይመስለኝም። አዝኖለት ነው የቆየው። ቀረጡን ግን አልማረውም። ፎርሙ ላይ ለእርስዎ የሚሆን ምድብ ስላልተገኘ «ሌሎች» ተብለው ገቡ። አሁን ሳስበው፣ እኔንም ፋብሪካዎ ውስጥ ያስገቡኝ በዚያው በር ነው።

የ9 ዶላሯንም ጉዳይ ማንሳት አለብኝ። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. የሄድፎን ቀዳዳውን ከስልኩ ሲነቅል ሄድፎንን ከስልኩ ጋር የምታገናኝ አንዲት ነጭ አጭር ገመድ በ9 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ሰዎች የድምፅ ጥራት መለኪያ ላይ ሲያስቀምጧት አላሳፈረችም። ከባድ ሄድፎን ለመግፋት ጉልበት ያንሳታል እንጂ ድምፅዋ ንጹሕ ነው። ከእርስዎ ጎን አላስቀምጣትም፤ ደረጃዋ አይደለም። ግን ስልክ ላይ ስትሰካ አማርኛ ታነባለች።

ደግሞስ ምን ልናዳምጥ ነው ይህ ሁሉ? ግማሹ ዘፈኔ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሌላ ካሴት ተቀድቶ፣ በ128 ኪሎቢት ተጨምቆ የመጣ ነው። በእርስዎ ቸርነት የካሴቱን «ሽሽሽ» የሚል ሽሽታ በሰፊ መድረክ፣ በጥልቀትና በስፋት ሰማሁት። ዘፋኙ ከሽሽታው ጀርባ ቆሟል። በዚህ አልወቅስዎትም። ታማኝ ነዎት፤ የሰጡዎትን ያሰማሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ማሻሻያዎ «የድምፅ መድረኩን አሰፋን፣ ሦስት ማጣሪያዎች ጨመርን» ከሚለው መስመር ሥር አንድ መስመር ጨምሩ። ማጣሪያዎቹን ብትተዉም ቅር አይለኝም። ይህ እስኪሆን ድረስ ክቡርነትዎ ከአክስቴ ቤት ታግደዋል። ውሳኔው የእኔ አይደለም፤ ጋሼ ናቸው ያሉት፤ አክስቴም ለሲኒው ስትል ደግፋለች።

ከሰላምታ ጋር፣

□□□□

(ስሜ ነው። እርስዎ በሚያነቡት ዓይነት ጻፍኩልዎ።)

ግልባጭ፦

ለፋብሪካው ድጋፍ ክፍል፣ «ሌላ» ለተባለው ዴስክ

ለአከራዬ (ስጦታ መሆኑ እንዲታወቅልኝ)

ለእህቴ ልጅ (እሁድ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ነይ)