እግዱ ጊዜያዊ ነው፤ ወለዱስ?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ በተካሄደ አንድ የነጋዴዎች ውይይት ላይ፣ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ በማቅረብ ተጠርጥረው የባንክ ሂሳባቸው በፍርድ ቤት ስለታገደ ሰዎች ጥያቄ ተነሣ። ከመድረኩ የመጣው መልስ አጭር ነው፦ እግድ ቅጣት አይደለም፣ ንጹሕ የሆነ ሰው ቀርቦ ያስረዳ። ተጨበጨበለትም። ለምኑ እንደተጨበጨበ ግን ያጨበጨበው ይንገረን።

የት ቀርቦ? እግዱ የሚሰጠው ባለሂሳቡ በሌለበት ነው። ሰውየው የሚያውቀው ከስልኩ ብር ሊልክ ሲል እምቢ ሲለው ነው። ቅርንጫፍ ሲሄድ ገንዘብ ከፋይዋ «ሲስተሙ አይፈቅድም» ትለዋለች፣ ሥራ አስኪያጁ «ከላይ የመጣ ነው» ይለዋል። የትኛው ችሎት፣ በየትኛው መዝገብ፣ በምን ቀን እንዳዘዘ ለማወቅ ብቻ ቀናት ያልፋሉ። ትዕዛዙ የአዲስ አበባ ችሎት ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ 350 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ይላል። ገና ያልተከሰሰው «ንጹሕ ከሆነ ያስረዳ» የሚባለው በየትኛው ሕግ ነው? ያስረዳ ቢባልስ፣ ጠበቃው የሚከፈለው ከታገደው ሂሳብ ነው?

ገንዘብ ዛሬ በሰከንድ ከሂሳብ ሂሳብ ስለሚዘል አስቀድሞ መጥሪያ መላክ ሌባን ሽሽ ማለት ነው፤ ይሁን። ይህ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ያስረዳል እንጂ ስድስተኛውን ወር አያስረዳም።

«ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል እዚሁ አገራችን ላይ እንያት። በጅማ ዞን ካሉት ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ እሸት ቡና የሚሰበስብ አቅራቢ ዓመቱ ያለው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልገባ ይቦካል፣ የታጠበ ቡና ሆኖ በደረጃው መሸጡ ይቀራል። ገበሬው አስመዝኖ እዚያው ካልተከፈለው በማግስቱ ጎረቤት መፈልፈያ ይሄዳል፤ ደግሞም ልክ ነው። በኅዳር የታገደ ሂሳብ በግንቦት ቢለቀቅ ለአቅራቢው የተመለሰለት ብር ነው፤ ወቅቱ የለም። በመሐሉ ደግሞ የታገደ ሂሳብ ገቢ እየተቀበለ ወጪ አይለቅም። ቀደም ብሎ በዱቤ የሸጠለት ሰው ሳያውቅ ዕዳውን እዚያው ያስገባል፣ ያም ብር አብሮ ይቀበራል።

ብድርም አለበት። ትዕዛዙ ካልፈቀደ በስተቀር ባንኩ ራሱ ክፍያውን ከታገደው ሂሳብ ሊቀንስ አይችልም። ስለዚህ ባንኩ የሰውየውን ብር በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የመዘግየት ቅጣት ይጽፍበታል። 90 ቀን ያልተከፈለ ብድር የተበላሸ ብድር ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንክ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ደምሩት፦ አራት ወር። ክስ ሳይመሠረት፣ ምስክር ሳይሰማ፣ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። እግድ ቅጣት አይደለም ያሉን ሰው ይህንን ምን ብለው ሊጠሩት ነው?

የበሽታው ሥር የትዕዛዙ አጻጻፍ ነው። «በስሙ የሚገኙ ሂሳቦች በሙሉ» የሚል ትዕዛዝ የስንፍና ትዕዛዝ ነው። ተጠረጠረ የተባለው 400 ሺህ ብር ሆኖ ሂሳቡ ውስጥ 6 ሚሊዮን ካለ፣ የቀረው 5 ሚሊዮን 600 ሺህ ምን አድርጎ ነው የታሰረው? መርማሪው የትኛው ወንጀል፣ የትኛው ገቢ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ብር ብሎ መጻፍ ካልቻለ ጥርጣሬ የለውም፤ ስሜት ነው ያለው።

እግዱ እንዲነሣ አቤቱታ የሚያቀርበውም ወገን ቢሆን ጉዳዩን ራሱ ያበላሸዋል። «ንጹሕ ነጋዴ ነኝ፣ ግብር ከፋይ ነኝ» የሚል ሁለት ገጽ እሮሮ ዳኛን አያንቀሳቅስም። የሚያንቀሳቅሰው ሰንጠረዥ ነው፦ ከሂሳብ መግለጫው እያንዳንዱን ትልቅ ገቢ በቀኑ አውጥቶ፣ ከጎኑ የሽያጭ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የምርት ገበያ ክፍያውን ወይም የብድር ውሉን ማያያዝ። ማስረጃ ያልተገኘለትን ገቢ መዝለል ትልቁ ስህተት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የሚያየው የተዘለለውን ነው። ከችሎቱ የሚጠየቀው ዳኝነትም ባንድ ገመድ አይንጠልጠል፦ እግዱ ይነሣ፤ ካልሆነ በተጠረጠረው መጠን ይወሰን፤ ያም ካልሆነ ለደመወዝ፣ ለግብር፣ ለብድርና ለቤተሰብ ቀለብ በየወሩ ይህን ያህል ይለቀቅ ወይም በዋስትና ይተካ። ቀለብ ሲጠየቅ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ ከሁለት ገጽ እሮሮ ይበልጣል።

ሚስት በጋራ ሀብቷ፣ የዕቁብ አባላት በታገደው የዕቁብ ዳኛ ሂሳብ በተቀመጠ ብራቸው በራሳቸው ስም ይቅረቡ። የዕቁቡ መዝገብ ከነፊርማው ማስረጃ ነው፤ «ሁሉም ሰው ያውቃል» ግን ማስረጃ አይደለም። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅን መለመንም ጊዜ ማባከን ነው፣ ያገደው እሱ አይደለም። በዘመድ ሂሳብ መሥራት መጀመር ደግሞ የባሰ ነው፦ ያልነበረ ጥርጣሬን በገዛ እጅ መፍጠር።

ችሎቱ አቤቱታውን ውድቅ ካደረገ የትዕዛዙን ግልባጭ በዚያው ቀን መጠየቅ ነው፤ ያለ ግልባጭ ይግባኝ የለም። የብድሩ 90 ቀን ግን ግልባጩ እስኪገለበጥ ቆሞ አይጠብቅም።