መብራት ሲደክም የምጣድ አምፔር ይጨምራል?

«ማታ መብራት ሲደክም ምጣዱ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ካርዱን የሚጨርሰው እሱ ነው» ላልከው ወንድሜ፦ ይሄ ወሬ ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ይወራል። ግን ልክ አይደለም።

በቁጥር እንየው። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ አለ እንበል። ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል ሬዚስታንሱ (የምጣዱ ሽቦ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) 13.75 ኦም ነው። ሁለቱን ስናባዛ ደግሞ ኃይሉ 3,520 ዋት። አሁን መብራት ደክሞ ቮልቱ ወደ 180 ይውረድ። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ ሬዚስታንሱ እምብዛም አይለወጥም። 180ን ለ13.75 አካፍል፦ 13.1 አምፔር ገደማ። ቀነሰ እንጂ አልጨመረም! ኃይሉማ ጭራሽ ወደ 2,360 ዋት ወረደ፤ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩንም ይዞት ስለሚወርድ ኃይሉ ከሁለት በኩል ይመታል።

ታዲያ ካርዱ ለምን ቶሎ ያልቃል? ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ ጋገራው ይንዛዛል፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሙቀቱ ወደ አየር ይባክናል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አስበው።

ወሬው ከፍሪጅና ከውሃ ፓምፕ የመጣ ይመስለኛል። እነሱ ሞተር ስላላቸው ቮልት ሲወርድ አምፔራቸው ሊጨምር፣ ሞተሩም ሊቃጠል ይችላል። መብራት ሲደክም መንቀል ያለብህ እነሱን ነው።