ልጆቹን በአጥሚት አታስርቡብን

እዚሁ ድሬዳዋ ያለ አንድ የሕጻናት ማቆያ ባለፈው ሳምንት በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ለልጆቻችን ደህንነት ሲባል ከሰኞ ጀምሮ ከ18 ወር በታች ለሆኑ ሕጻናት በጡጦ ከሚሰጥ ፈሳሽ በስተቀር ሌላ ምግብ አንቀበልም» ይላል። ሰበቡ መታነቅ ነው። አንድ ልጅ ሙዝ እየበላ ትን አለው። ሞግዚቷ ደንግጣ ጮኸች። ልጁ ሳል ሳል አደረገ፣ ሙዙን ተፋ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሌላ ጠየቀ። ታሪኩ ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ የማቆያው ሕጻናት በሙሉ ወደ ጡጦ ይመለሱ ተባለ።

የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የምትውለው። ዘጠኝ ወሯ ነው። እህቴ ደውላ ስትጠይቅ ኃላፊዋ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «የኔ እህት፣ ከምትታነቅ ቢርባት ይሻላል።»

አቦ ተዉን! ልጅ ወይ ይራባል ወይ ይታነቃል ያለው ማነው? ይባስ ብሎ ግሩፑ ውስጥ ካለው ወላጅ ግማሹ አጨበጨበ። «እግዜር ይስጥልን»፣ «ማሻአላህ፣ ለልጆቻችን ስለምታስቡ እናመሰግናለን»፣ ልብ፣ ጭብጨባ፣ አበባ።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ ብዙ ላይክ ያገኘችው «ጥርስ ሳያወጡ በምን ሊያኝኩት ነው?» የምትለዋ ናት። ከእሷ እንጀምር። መጀመሪያ የሚወጡት የፊት ጥርሶች ናቸው። እነሱ ይቆርጣሉ እንጂ አያደቁም። የሚያደቁት መንጋጋዎች ብቅ ማለት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። እስከዚያ ሥራውን የሚሠራው ድድ ነው። የስድስት ወር ልጅ ጣቱን ነክሶት የሚያውቅ ሰው ስለ ድድ ጥንካሬ አይነገረውም። የበሰለ ድንች፣ ዱባ፣ ሙዝ፣ የድሬ ፓፓያ በድድ ይላመጣል። በየሰፈራችን ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ሞልተዋል። ፍርፍራቸውን በሰላም ይበላሉ። እስካሁን ጡጦ ያቀረበላቸው የለም።

አሁን ወደ ሙዙ ልጅ። ሳል ሳል አደረገ ነው ያሉት። የሚስል ልጅ አየር እየገባለት ነው። ጠንከር ያለ ምግብ የሚጀምር ሕጻን ወደ ላይ ይለዋል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ ምላሱን አውጥቶ ይተፋል። ሲያዩት ያስደነግጣል። ግን ሰውነቱ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። በስድስት ወር ልጅ ላይ ይህን የሚቀሰቅሰው ቦታ ወደ ምላሱ ፊት ጠጋ ያለ ነው። ስለዚህ ምግቡ ገና ጉሮሮው ሳይደርስ ይመልሰዋል። ልጁ እያደገ ሲሄድ ወደ ኋላ ይሸሻል። በሌላ አባባል ገና ሲጀምር የተሻለ ጥበቃ አለው። እኛ ግን ይህ ጥበቃ ያለውን ጊዜ በጡጦ እናሳልፍና፣ በዓመት ከመንፈቅ ድንገት እንጀራ በወጥ እንሰጠዋለን።

እውነተኛው መታነቅ ድምፅ የለውም። ልጁ አይስልም፣ አያለቅስም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። አዎ፣ አለ። ይገድላልም። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ጥያቄው የሚያንቀው ምንድን ነው የሚለው ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች 206 ሕጻናት ያሏቸውን ቤተሰቦች ለሁለት ከፍለው አይተው ነበር። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንደኛው ወገን ልጆቹ ከስድስት ወር ጀምሮ በእጃቸው እያነሱ ጠንከር ያለ ምግብ እንዲበሉ፣ የትኞቹ ምግቦች አደገኛ እንደሆኑም ለወላጆቹ ተነግሯቸው ነበር። ሌላው ወገን እንደ ልማዱ ቀጠለ። በመታነቅ በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ማቆያው ግን አንዲት ሙዝ አይቶ አዋጅ አወጣ።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። በጡጦ ይሁን የተባለው ፈሳሽ ምንድን ነው? ወላጆቹ ምን ይዘው እንደሚመጡ እናውቃለን። አጥሚት ነው። የአጃ፣ የገብስ፣ የምጥን ዱቄት። አጥሚት ደግሞ በጡጦ ጎማ ቀዳዳ አይወርድም። ስለዚህ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ውሃ ይጨመርበታል፣ እስኪቀጥን። አሁንም አልወርድ ካለ ጎማው በጋለ መርፌ ይበሳል፣ ወይም ጫፉ በመቀስ ይቆረጣል። ይህን ያላየ እጁን ያውጣ። ከዚያ ልጁ በጀርባው ይተኛል፣ ጡጦው ትራስ ላይ ይደገፋል፣ ሞግዚቷ ወደ ሌላ ልጅ ትዞራለች። በተቆረጠው ጎማ የሚወርደውን ጎርፍ ልጁ ይዋጠው አይዋጠው የሚያይ የለም። እንግዲህ ልጆቹ እንዳይታነቁ የተገኘው መላ ይህ ነው! ቀና ብላ ተቀምጣ የሙዝ ቁራጭ በእጇ የያዘችው ልጅ አደጋ ላይ ናት፤ በጀርባዋ ተንጋላ አጥሚት የሚንዠቀዠቅባት ግን በደህና ላይ ናት። እንዴት ነው ነገሩ?

እናቶቻችን ሲግቱ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ልጁ ጭን ላይ ይንጋለላል፣ እጅ እንደ ጽዋ ይታጠፋል፣ አፍንጫው ተይዞ አብሽ ይፈስበታል። ያኔ ነው ልጅ ሰማያዊ የሚሆነው። ለመሆኑ ድሬዳዋ ውስጥ በደንብ የተላመጠ ገንፎ አንቆ የገደለው ልጅ ካለ እስቲ አንድ አምጡልኝ። በመጋት ምክንያት ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ ገብቶበት የተንገላታ ልጅ ግን በየቤቱ ወሬው አለ።

ደግሞ ሆዱን አስቡት። የአንድ ሕጻን ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስምንት ኪሎ የምትመዝን ልጅ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ትይዛለች። ይህችን ብርጭቆ በቀጠነ አጥሚት ከሞላችኋት ልጅቷ ጠግባለች። ግን የጠገበችው ውሃ ነው። አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ትተኛለች። ማቆያው «ጎበዝ ልጅ» ይላታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ «ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ይሁን» የሚሉት ለዚህ ነው። ቅቤ ወይ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ እንቁላል ጨምሩበት፣ ምስር አድርጉበት የሚሉት ለዚህ ነው። ስድስት ወር ሲሞላ ልጁ ከእናቱ ይዞት የተወለደው ብረት እያለቀ ነው። የጡት ወተት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፣ ብቻውን ግን ከስድስት ወር በኋላ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ይህንኑ ነው። አጥሚት በጡጦ ማለት ልጁን እያጠገቡ ማስራብ ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ድሬዳዋ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 40 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። አዲስ አበባ 15 ገደማ። ባቡር ቀድሞ የገባላት፣ ነጋዴ የሚርመሰመስባት፣ ቀፊራ ገበያ ላይ ፍራፍሬ የሚደረደርባት ከተማ ከአገሪቱ አማካይ የባሰች! በዚያው ጥናት በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕጻናት ለዕድሜያቸው የሚበቃ ምግብ በአግባቡ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ መቀንጨርን እናጠፋለን ይላል። በየት በኩል? በተቆረጠ ጎማ?

የድሬን ሙቀትማ አታስነሱኝ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳ ውስጥ የገባ ጡጦ ስምንት ሰዓት ላይ ምን እንደሚሆን ግንቦት ላይ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ያላበው ሰው ይመስክር። የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የጡጦ ጎማ ደግሞ እንደ ማንኪያ በቀላሉ አይታጠብም። ተቅማጡ ሲመጣ «ጥርስ እያወጣች ነው» ይባላል።

አፍም ይማራል። ብሪስቶል አካባቢ ብዙ ሺህ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ጓል ያለበትን ምግብ ከአሥር ወር በኋላ የጀመሩ ልጆች ቀደም ብለው ከጀመሩት ይልቅ በኋላ ምግብ ላይ አስቸጋሪ ሆነው ተገኝተዋል። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ወሯ ነው። በማቆያው ሕግ ከሄድን ሌላ ዘጠኝ ወር ትጠብቃለች። ከዚያ «ይቺ ልጅ ምግብ አትወድም» ተብላ በሥልክ ቪዲዮ እየተታለለች ትጎርሳለች።

አደጋው የት እንዳለ ከፈለጋችሁ መሬቱን እዩ። እኛ አገር ከሰዓት በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫት ይቀርባል፣ ከጎኑ የባቢሌ ኦቾሎኒ በሳህን ይቀመጣል። ጨዋታው ሲደራ ኦቾሎኒው ይበተናል። ትራሱና ፍራሹ መሃል ይገባል። ማታ ጠራጊው ያላየውን በነጋታው የሚድኸው ልጅ ያየዋል። ኦቾሎኒ ክብ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ያሟልጫል፣ ቀጥ ብሎ አየር ቧንቧ ይገባል። ሳይፈጭ ለሕጻን አይሰጥም፣ አራት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ቢቆይ ይሻላል። ቆሎም፣ ፈንድሻም፣ ከረሜላም፣ የጊሽጣ ፍሬም፣ ያልተቆረጠ ወይንም፣ ሳንቲምም እንደዚሁ። እነዚህ በማስታወቂያው ላይ አንዳቸውም የሉም። እህቴ ልጇን ልትወስድ ስትሄድ የማቆያው ዘበኛ በር ላይ ፌስታል ዘርግቶ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ነበር። ሁለት ልጆች አጠገቡ ቁጭ ብለዋል። ሙዝ ክልክል ነው!

ስለዚህ ይቺ ማስታወቂያ የመታነቅ ጉዳይ አይመስለኝም። የእጅ እጥረት ናት። ልጅን አስቀምጦ፣ ፊት ለፊቱ ሆኖ፣ በራሱ ፍጥነት ማብላት ጊዜ ይወስዳል። ሰው ይፈልጋል። ጡጦ ሰው አይፈልግም፣ ትራስ ይበቃዋል። ሞግዚቶቹን አልወቅስም፤ አንዷ ስንት ልጅ ልትይዝ ትችላለች? የምወቅሰው ይህን በ«ደህንነት» ስም የጠቀለለውን ነው። ይህን የሚያባብሰው ደግሞ ሕጉ ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን መሆኑ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች የሚበላው ማቆያ ውስጥ ነው። ማቆያ አልችልም ካለ ለአብዛኛው ልጅ ሌላ ቦታ የለም።

ምን ይደረግ ለምትሉ፣ ከባድ ነገር አልጠየቅንም። ልጆቹ ተቀምጠው ይብሉ፣ እየተንጋለሉም እየዳኹም አይደለም። ሲበሉ አንድ ሰው ዓይኑን አይንቀልባቸው፣ ሥልኩንም ያስቀምጥ። ሙዙ በጣት ሲጫኑት የሚደቅ ይሁን፣ ሥጋው ይከተፍ፣ ካሮቱ ይቀቀል። ማር ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ። ሠራተኞቹ በሙሉ፣ ጽዳቷም ጭምር፣ የታነቀ ሕጻን ሲገጥም ምን እንደሚደረግ በባለሙያ ይሠልጥኑ። ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ክንድ ላይ በደረቱ ማስተኛት፣ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ በመዳፍ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ ደረቱ መሃል አምስት ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ መደጋገም፣ ሌላ ሰው ደግሞ አምቡላንስ መጥራት። ሆዱን መጫን የለም፣ ያልታየ ነገር ፍለጋ ጣት ጉሮሮ ውስጥ መስደድ የለም። ይህን ለማሠልጠን አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ማስታወቂያ ከመጻፍ ግን ይከብዳል፣ ያ እውነት ነው።

እህቴ ሰኞ ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ድንች በሣህን ትልካለች። ከመለሱባት ልጇን ታወጣለች፣ የወሩን ክፍያም ትጠይቃለች። ውሉ ላይ «ምግብ የመመገብ አገልግሎትን ጨምሮ» ይላል፤ ፈርመውበታል።