ናፍጣውን ማን ጠጣው?

ደላላ ፊት ቆሞ ስለ አንዲት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ የሚጠይቅ ሰው፣ ዋጋና ሞዴል ካለ በኋላ የሚያነሳው ነገር የታወቀ ነው። «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» መልሱም የታወቀ ነው። «14! ሀይዌይ ላይ ከሆነማ 15ም ትሄዳለች።» ደላላው ይህን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው የሚናገረው። ገዢውም ብዙ አይከራከርም።

የእኔ ጸብ ከደላላው ጋር አይደለም። እሱ ሊሸጥ ነው የቆመው። ጸቤ እንዲህ ያለ አንድ ነጠላ ቁጥር ወረቀት ላይ አስፍረው፣ ማኅተም መትተው፣ ሹፌር በእሱ ከሚዳኙ መሥሪያ ቤቶች ጋር ነው። «ኖርማ» ይሉታል። ፒክአፗ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ አንዴ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ሹፌሩ አዳማ ይሂድ ደጀን፣ ባዶ ይሂድ ስምንት ኩንታል ጭኖ፣ ሂሳቡ በ10 ነው። 8 ካመጣ ናፍጣ ሸጧል ይባላል። 12 አምጥቶ ትርፉን ቢሸጥ ግን ማንም አያውቅበትም።

ናፍጣ በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ጉዳይ የስምሪት ክፍል ጭቅጭቅ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የሰው እንጀራ እየተቆረጠበት ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ካታሎግ ላይ ያለው ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? ለብዙ ዓመታት አውሮፓ ውስጥ መኪኖች የሚለኩት ኤንኢዲሲ በሚባል ፈተና ነበር። መኪናዋ መንገድ ላይ አትወጣም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሮለር ላይ ቆማ ጎማዋ ይሽከረከራል። ፈተናው 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ርቀቱ 11 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ከከተማ ውጭ» የሚባለው ክፍል እንኳ በአማካይ 63 ቢሆን ነው። 120 የሚነካው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብሊውኤልቲፒ የተባለ ጠንከር ያለ ፈተና ተተክቷል። እሱም ቢሆን አማካዩ 46 ተኩል ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ዋሽቷል ማለት አይቻልም። የለካው ሌላ ጉዞ ነው። በ63 እየነዳ አዳማ የሚሄድ ሹፌር ካለ ቁጥሩን ያገኘው ይሆናል፤ ከኋላው ያለው ሰው ግን ጥሩምባ ሲነፋበት ይውላል።

አሁን ወደ ፍጥነት መንገዱ እንግባ። ከአዲስ አበባ አዳማ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የተፈቀደው ጣሪያ 120። ነፋስ መኪና ላይ የሚፈጥረው ጫና ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ100 ወደ 120 ሲወጡ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ጨመረ፤ የነፋሱ ጫና ግን በ44 በመቶ። እንደ ሃይሉክስ ያለች ቁመቷ የረዘመ፣ ፊቷ የሰፋ ፒክአፕ በ100 ስትሄድ ከጉልበቷ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነፋስ መግፊያ ነው። ስለዚህ 120 ላይ ፍጆታዋ ሩብ ያህል ቢጨምር አይገርምም። የሚተርፈው ጊዜ 8 ደቂቃ ነው። 8 ሊትር የሚበቃውን መንገድ በ10 ሊትር መሄድ ማለት ነው። ሹፌሩን ግን «ናፍጣው የት ገባ?» እንጂ «በስንት ነዳህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። የቸኮለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሹፌሩ ሳይሆን ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው አለቃ ነው። «ጋሼ፣ ስብሰባው አመለጠን እኮ፣ ትንሽ ርገጣት!» ይላል። ጋሼ ይረግጣታል። ወሩ መጨረሻ ላይ ተጠያቂው ጋሼ ነው።

ከፍጥነት ይልቅ ግን እኛ አገር ነገሩን የሚያወሳስበው ከፍታ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ ቢያንስ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ሰውና ዕቃ ይዛ 2 ቶን ተኩል የምትመዝን ፒክአፕ 600 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት ማስላት ከባድ አይደለም። ሞተሩ ከናፍጣው ጉልበት ሲሶውን ጎማ ላይ ያደርሳል ብንል፣ ለከፍታው ብቻ 1.2 ሊትር ገደማ ይበላል። እንግዲህ በሜዳ 8 ሊትር ይበቃት የነበረችው መኪና ስትወርድ 6.8፣ ስትመለስ 9.2 ሊትር ትጠጣለች። በሊትር ሲመታ ወደ አዳማ 11.8፣ ወደ አዲስ አበባ 8.7 ይመጣል። ያው መኪና፣ ያው ሹፌር፣ ያው መንገድ ነው። አዳማ ደርሶ «በሊትር 12 ሄደችልኝ» የሚለው ሰው አልዋሸም። ገና አልተመለሰም እንጂ።

የአዳማው መንገድ ግን ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለሆነ ሲወጡ የከፈሉትን ሲወርዱ ይመልስልዎታል። ዓባይ በረሃ እንዲህ አይደለም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከዚያ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል ይወጣል። ለአቀበቱ 20 ኪሎ ሜትር ከተለመደው 2 ሊትር ላይ፣ ለከፍታው ብቻ ሌላ 2 ሊትር ተኩል ይጨመራል። በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ከምናምን ማለት ነው። «ታዲያ ቁልቁለቱ አካክሶት የለም ወይ?» ይላል የስምሪት ክፍሉ። አላካካሰም። ቁልቁለቱን ያለ አንዲት ጠብታ ቢወርዳት እንኳ የሚያተርፈው በሜዳ ሊጠጣ የነበረውን 2 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ጉልበት ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ናፍጣ ሆኖ ሰልባቲዮ ውስጥ ተመልሶ አይገባም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ናፍጣ ይቆጥባል የሚሉ ሹፌሮች አሁንም አሉ። በዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ማርሽ ሲያወጡ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ያለ ላብ የተገኘ ቁጠባ መስሎ ይታያል፤ ግን ናፍጣም ይጨምራል፣ ፍሬንም ያግላል። ዓባይ በረሃ ላይ ፍሬን ከጋለ ስለ ናፍጣ የሚያወራ አይኖርም።

«አራት ሲሊንደር ናት፣ አትጠጣም» የሚለው ወሬም አለ። ከተማ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ሀይዌይ ላይ ግን ነፋሱ ሲሊንደር አይቆጥርም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቶዮታ ታኮማ የምትባለውን ፒክአፕ ያውቋታል። የ2016 እ.ኤ.አ. ሞዴሏ በኋላ ጎማ የምትነዳው ኦቶማቲክ፣ ባለ 2.7 ሊትር አራት ሲሊንደሯ ለሀይዌይ የተሰጣት ግምት በጋሎን 23 ማይል ነበር። ባለ 3.5 ሊትር ስድስት ሲሊንደሯ ደግሞ 24። ትልቁ ሞተር በለጠ! ምክንያቱ ድግምት አይደለም። የትልቁ ቴክኖሎጂ አዲስ ነው፤ ትንሹ ደግሞ ያንኑ ሣጥን ለመግፋት አብዝቶ ይታገላል። ሁለቱም በሊትር 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚወጣቸው።

የእኛዎቹ አዳዲስ ሃይሉክሶች በ2.4ም በ2.8ም ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ናቸው፤ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ተርቦ አላቸው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ይህ ነፋሱን ያቀላል፤ ተርቦው ደግሞ ሞተሩ እንዳይታፈን ያደርጋል። 5ኤል ሞተር ያላት አሮጌዋ ሃይሉክስ ግን ተርቦ የላትም። አቀበት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ወለል ድረስ ተረግጣ ጥቁር ጭስ ስትተፋ አይታችኋል። ያ ጭስ በቅጡ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ለእሷም ለአዲሷም አንድ ኖርማ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ።

የቀሩት ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ። ባዶ ፖርቶመጋላ ዓመቱን ሙሉ ነፋስ ይገፋል፤ አውርዱት። የጎማ አየር ጎሚስታ በዓይኑ ሳይሆን በመለኪያ ይሙላው። የካሶኒውን የኋላ በር ከፍቶ መሄድ ነፋስ ያሳልፋል የሚባለው አይጠቅምም፤ በሩ ሲዘጋ ካሶኒው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይታሰርና ከላይ ያለው ነፋስ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ጎማዋ ከፋብሪካው በሚበልጥ የተቀየረች መኪና ደግሞ ቆጣሪዋ ከሄደችበት አሳንሶ ነው የሚመዘግበው። ሹፌሩ 100 ኪሎ ሜትር ነድቶ 95 ይጻፍበታል። ጎማውን የመረጠው እሱ አይደለም፤ 5 ኪሎ ሜትሩ ግን ከእሱ ላይ ይወራረዳል።

ታዲያ እንዴት ይለካ? ጌጁን በማየት አይሆንም። አንድ ማደያ፣ አንድ ፓምፕ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ፓምፑ ራሱ እስኪያቋርጥ ይሞላል። ደርሶ መልስ ይነዳል። እዚያው ፓምፕ ተመልሶ እንደገና እስኪያቋርጥ ይሞላል። ኪሎ ሜትሩ በሁለተኛው ጊዜ ለተሞላው ሊትር ይካፈላል። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ የፓምፑ ማቋረጥ ራሱ ትንሽ ይዋዥቃል። በየመስመሩ ደጋግሞ ለክቶ አማካይ መያዝ ነው። የአዳማ መስመር፣ የደጀን መስመር፣ የከተማ፣ ባዶና ጭነት ለየብቻቸው። ይህ የአንድ ወር ሥራ ነው እንጂ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም።

ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ፒክአፖች ላይ ጂፒኤስ ተገጥሟል። እስካሁን ባየሁት የሚያገለግለው መኪናዋ ቅዳሜ ማታ የት እንደቆመች ለማየት ነው። ፍጥነቱንም ግን በየደቂቃው ይመዘግባል። ከወሩ የነዳጅ ሂሳብ ጎን አማካይ ፍጥነት የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ከእሱም ጎን ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው አለቃ ስም ይጻፍ።