«ይህን ገንዳ አላነሳም» ያለ ሾፌር አይቀጣ

የቆሻሻ ገንዳ የሚያነሳ መኪና አደጋ ባደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ሾፌሩ ማን እንደነበረ ነው። ገንዳውን ማን ሞላው፣ በምን ሞላው፣ የት አስቀመጠው የሚል ሰው አይገኝም። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ሾፌሩ ቦታው ላይ ከመድረሱ በፊት ነው ባይ ነኝ።

ክብደቱን እንውሰድ። 8 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ገንዳ ባዶ ካርቶንና ፕላስቲክ ቢሞላ መኪናው ያለ ችግር ያነሳዋል። ያው ገንዳ እስከ አፉ እርጥብ አፈር ቢሞላስ? አንድ ሜትር ኪዩብ እርጥብ አፈር 1,600 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ስለዚህ ጭነቱ ብቻውን ወደ 13 ቶን ይጠጋል። ከላይ ካርቶን ጣል ከተደረገበት ደግሞ ከሥሩ ያለውን ማን ያያል? ሾፌሩ እውነቱን የሚያውቀው ገንዳውን የሚያነሳው ሰንሰለት ተወጥሮ የመኪናው የፊት ጎማ ከመሬት ሲላቀቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ማድረግ የሚችለው ገንዳውን ቀስ አድርጎ ወደነበረበት መመለስ ብቻ ነው፤ ከኋላው ሰው ቆሞ ከነበረ ግን ያም ላይበቃ ይችላል።

የድጋፍ እግሮቹም ነገር እንዲሁ ነው። ገንዳው ሲነሳ መኪናውን ሚዛን የሚያስጠብቁት ከኋላ ወደ መሬት የሚወርዱት እግሮች ናቸው፤ እነሱም የሚረቡት የቆሙበት መሬት ሲችላቸው ነው። ገና ባልጠና ሙሌት አፈር ወይም በቦይ ክዳን ላይ ካረፉ አንዱ ይሰምጣል፣ መኪናው ያዘነብላል፣ የተንጠለጠለው ገንዳም መወዛወዝ ይጀምራል። ሰፊና ጠንካራ ሳንቃ ከሥራቸው ማንጠፍ ይረዳል። ዋናው መፍትሔ ግን ገንዳውን መጀመሪያውኑ ደልዳላና ጠንካራ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ሳይሆን ደንበኛው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከላይ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ካልነኩት አይጎዳም የሚሉ ብዙ ናቸው። ስህተት ነው፤ የመኪናው ክንድ ከተጠጋው ኤሌክትሪኩ አየሩን አቋርጦ ሊዘል ይችላል። ክንዱ ከመስመሩ ጋር ከተገናኘ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ ይቆይ፣ በአካባቢው ያለውን ሰው እንዳይጠጋ ጮኾ ያስጠንቅቅ፣ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥም አይውረድ። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነበት መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ርቆ ይዝለል፤ ከዚያም እግሮቹን ሳይለያይ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተተ ይራቅ። ሮጦ መሸሽ ራሱ ሊገድል ይችላል፤ ኤሌክትሪክ በፈሰሰበት መሬት ላይ ሁለት እግር ተራርቆ ሲያርፍ የሁለቱ ቦታ ቮልቴጅ ስለሚለያይ ኤሌክትሪኩ በሰውነት ውስጥ ያልፋልና። ይህን እያንዳንዱ ሾፌርና ረዳት በቃሉ ሊይዘው ይገባል።

ስለ ሰንሰለቱ ብዙ አልልም። ቀለበቱ የሳሳ፣ የተለጠጠ ወይም በቡሎን የተቀጠለ ሰንሰለት ከሥራ ውጭ ይሁን። ሰንሰለቱ የሚያያዝበት የገንዳው ጆሮ ዝጎ ወይም ብየዳው ተሰንጥቆ ከሆነም ያው ነው።

ሥልጠና ይበቃል የሚሉ አሉ። ሥልጠናው አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ያወራኋቸው ሾፌሮች ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያጡት ጊዜ ነው። ክፍያቸው በቢያጆ ሲሆን መኪናውን ዞሮ ማየት፣ ረዳቱ ከኋላ ሆኖ እስኪመራ መጠበቅ፣ ሸራውን ጭነቱ ላይ ሳይወጡ ማሰር፣ ሁሉም ከኪሳቸው የሚወጣ ይሆናል። ገንዳ ውስጥ ሰው ሊተኛ ይችላል፤ በተለይ ብርድና ዝናብ ባለበት ሌሊት። ከማንሳት በፊት ጎኑን ደብድቦ፣ ድምፅ አሰምቶ፣ ውስጡን ማየት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ሆኖም በቀን ብዙ ገንዳ ለሚያነሳ ሰው እነዚያ ደቂቃዎች ተደማምረው አንድ ቢያጆ ያሳጡታል። ይህን ምርጫ በሾፌሩ ትከሻ ላይ መጣል ግፍ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ከአሠሪዎች ነው። የመሙያ ልኩ በገንዳው ጎን ላይ በጉልህ ቀለም ይሠመር፤ አፈርና ኮንክሪት የሚጭን ደንበኛም ትንሽ ገንዳ ይሰጠው። ሾፌሩ አይቶ «አላነሳም» ካለ የቢሮ ሰው በስልክ አይጫነው። ባዶውን ቢመለስ ያ ምልልስ እንደተሠራ ተቆጥሮ ይከፈለው፤ ወጪውንም ገንዳውን ከልክ በላይ የሞላው ደንበኛ ይሸፍን። ይህ ደግሞ ገንዳው ከመላኩ በፊት፣ ደንበኛው በሚፈርመው ውል ላይ ይጻፍ።